አቶ ንጋቱ በበረዶ ላይ ከማን ጋር ያወሩ ነበር?

አቶ ንጋቱ ወልደሰማዕት በያዝነው የብርድ ወራት፣ ዙሪክ ቪዲኮን በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ከተኙበት ሳይነሡ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ጄኔቭ ለምትኖረው ልጃቸው ለሶስናና እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ። ልባቸው ከቆየ ጀምሮ ታማሚ ነበር፤ ሐኪማቸውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው «ተራራው ነው የገደላቸው»፣ «ብርዱ ነው የጨረሳቸው» እያለ ከለቅሶው ቤት የሚወጣ ሰው ስለሰማሁ ነው። ሰውየው የሞቱት ማሞቂያው በርቶ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ነው። ብርድ ሊገድላቸው ቢፈልግ ኖሮ ከዚያ በፊት ብዙ ዕድል ነበረው።

እኔ ብርቅነሽ እባላለሁ። ከአቶ ንጋቱ በታች ባለው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የምሠራው እዚህ አልተርስሃይም በምንለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው የተዋሕዶ ልጅ፣ እኔ ጴንጤ፤ እሁድ ጠዋት በአንድ ትራም ተሳፍረን በተለያየ ፌርማታ እንወርድ ነበር። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ዛሬ የምወቅሰው ቋሚውን ስለሆነ ችግር የለብኝም። እንጀራዬ የሰው እድፍ ነውና ሽታም ሆነ ቀለም አያስደነግጠኝም። በዚህ ለቅሶ ላይ የሰማሁት ነገር ግን አጥወልውሎኛል፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

የቀብራቸው ዕለት፣ ዲቤንዶርፍ በተከራየነው አዳራሽ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሰው ማይክሮፎን ጨብጠው ተነሡ። «አባታችን አቶ ንጋቱ ከዓለም ጫጫታ ርቀው፣ ተራራ እየወጡ፣ በበረዶ ላይ ተንበርክከው ስለ አገራችን ይጸልዩ ነበር» አሉ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔ የያዝኩትን ሰሃን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እኚሁ ሰው ስለዚያው ተራራ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ምን ይሉ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ተጠንቀቁ፣ ጆሮ ጠቢ ነው» ነበር የሚሉት። «ናቸው» እንኳ አላሉም።

ስለዚህ መታሰቢያ የሚባለው ነገር ከእውነቱ ይጀምር። አቶ ንጋቱ ተራራ ላይ አይጸልዩም ነበር። ጸሎታቸውን የሚያደርሱት በቤተ ክርስቲያን፣ ከምእመናን ጋር ቆመው ነው። ተራራ የሚወጡት በሬዲዮ ሊነጋገሩ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ በስልክ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ። እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረዋል። ጡረታ እንደወጡ በጀርመንኛ ተፈትነው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጡ፤ ይኸውም ሰው ያለ ደመወዝ፣ ለፍቅሩ ሲል ብቻ ሬዲዮ የሚነጋገርበት ፈቃድ ነው። መሣሪያቸው የዳዊት መጽሐፍ ታክላለች። ኃይሏ አንዲት የእጅ ባትሪ አብርቶ የሚያልቅ ነው። በእሷ ነው እንግዲህ አጭርና ረጅም ድምፅ እያፈራረቁ፣ ሞርስ በሚባለው ዘዴ፣ ከአውሮፓ ዳር እስከ ዳር የሚነጋገሩት። «ለምን ጠንከር ያለ አይገዙም?» ብላቸው፣ «ጉልበት ያለውማ ይጮኻል፤ ጨዋታው ሳይጮኹ መሰማቱ ላይ ነው» አሉኝ።

«እሺ፣ ቤትዎ ሞቆልዎት ተቀምጠው ለምን አይጫወቱም?» የሚለውንም ጠይቄያለሁ። ቤት ውስጥ የጎረቤቱ ማሞቂያ፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን፣ መብራቱ ሁሉ በማዳመጫው ውስጥ ይንጫጫል። በብርድ ወራት፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን፣ መብረቅም የለ፣ ጫጫታም የለ፤ ሰማዩ ዝም ይላል። ደካማ ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው።

እኔ ብርድ እጸየፋለሁ። ብርድን የሚወድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የሚዋሽ ግን ሞልቷል። ሐኪሜ ስለ ደም ግፊቴ «በእግርሽ ሂጂ» ባይለኝ ኖሮ ከአቶ ንጋቱ ጋር ከትሪምሊ ሰፈር ተነሥቼ የዙሪኩን ተራራ ኡትሊበርግን አልወጣም ነበር። አፍንጫዬ ይንጠባጠባል። ሻርፔ በራሴ ትንፋሽ ይረጥብና መልሶ ደርቆ አገጬን ይፍቀኛል። መንገዱ ላይ ትናንት የተረገጠው በረዶ ጭቃና የውሻ ሽንት ጠጥቶ ብጫ ሆኗል። ፈረንጆቹ «ምን ያምራል!» እያሉ ያልፋሉ። እሳቸው ከፊቴ፣ ሻንጣቸውን አዝለው፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቀን ሳያማርሩ።

ከጫፉ ዝቅ ብሎ ከመንገድ ገባ ያለ ቦታ ነበራቸው። ከሥራችን ከተማው በጉም ተደፍኖ፣ እኛ ከጉሙ በላይ ፀሐይ ላይ እንሆናለን፤ ፀሐዩ ግን ለማየት እንጂ ለመሞቅ አይሆንም። የሚዘረጋ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከአጥር እንጨት ጋር ያስሩና፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ሽቦ አንጠልጥለው ያቆሙታል። ወዲያው ሽቦው አመዳይ ይለብሳል። ባትሪውን ከሸሚዛቸው ሥር፣ ከደረታቸው ጋር አስጠግተው ነው የሚወጡት። «ባትሪ እንደ ሕፃን ነው፤ ከበረደው ይተኛል» ይሉ ነበር። እስክሪብቶ ስለሚደርቅ በእርሳስ ይጽፋሉ። የቀኝ እጃቸው ጓንት ሁለት ጣት የለውም፤ እነዚያ ሁለት ጣቶች ብረቱን ሲነኩ ሲገረጡ አይ ነበር። አንድ ቀን የመሣሪያውን ገመድ ረስተው ወጥተን በባዶ ተመለስን። እኔ እንደ እሳት ስነድ እሳቸው ሳቁ። «ብርድ ይሉኝታ የለውም፤ የረሳሽውን ወዲያው ፊት ለፊት ይነግርሻል» አሉኝ።

ከማን ጋር ያወሩ ነበር? ፊንላንድ ካለ ዓሣ አጥማጅ ጋር። ስኮትላንድ ካለች፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ከምትኖር ሴት ጋር። ቦሎኛ ካለ ዳቦ ጋጋሪ ጋር። ምን ይሉ ነበር? «ስሜ ንጋቱ ነው። ዙሪክ አጠገብ ተራራ ላይ ነኝ። ብርድ ነው። ድምፅህ በደንብ ይሰማኛል። ያንተስ አገር? ደህና ሁን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ጣታቸው የሚገረጣው። አንድ ጊዜ ተናድጄ «ይህን ለመባባል በስልክ አይሻልም?» ብላቸው፣ «በስልክ የምታውቂውን ሰው ነው የምትጠሪው። እዚህ ግን ማን እንደሚመልስልሽ ሳታውቂ ትጠሪያለሽ፤ ሰውም ይመልስልሻል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልደገምኩትም።

ሰው ለሰው መድኃኒት ነው የሚለውን በተግባር የማውቀው በእሳቸው ነው። አዲስ የመጡ ልጆቻችንን ለአውስቫይሳቸው፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ቢሮ ለቢሮ ይዘው ሲንከራተቱ ኖረዋል። የአቶ ደምሰው እናት ዙሪክ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የመስሚያ መሣሪያቸው ተበላሽቶ ሲያለቅሱ፣ አቶ ንጋቱ መነጽራቸውን ደርበው፣ የሴትዮዋ እግር ሥር ቁጭ ብለው ሲጠግኑላቸው አይቻለሁ። እናትየዋ መስማት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሰሙት የአቶ ንጋቱን ሳቅ ነው። ይህን አቶ ደምሰው በቀብሩ ላይ ቢያነሡት ምን ነበረበት? ጸሎት ከሚፈጥሩልን!

ወሬው የተነሣው እንዲህ ነው። የማኅበራችን አንድ አባል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለሽርሽር ኡትሊበርግ ወጥቶ አቶ ንጋቱን አገኛቸው። ማዳመጫ አድርገዋል፣ በላያቸው ሽቦ ተዘርግቷል፣ በሁለት ጣታቸው አንዲት ነገር ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፣ አፋቸው ግን አይንቀሳቀስም። ሰላም ቢላቸው፣ ከሩቅ የሚመጣውን እየተቀበሉ ስለነበር በእጃቸው «ቆይ» አሉት። በቃ! ልጁ ወርዶ ያየውን ተናገረ፤ የሰማው ሁሉ የራሱን ጨመረበት። የእኛ ሰው ግድግዳ ጆሮ ከነበረው ዘመን ሸሽቶ የመጣ ነው፤ በጎረቤቱ ተጠቁሞ የታሰረ አለበት፣ ወንድሙን የቀበረ አለበት። ሽቦና ማዳመጫ ሲያይ ይሸሻል። ፍርሃቱን አልጸየፍም። የምጸየፈው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አንድ ሰው እንኳ ቀርቦ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አላላቸውም። መጠየቁ ቀርቶ «እሳት ከሌለ ጭስ የለም» ተባለና ነገሩ አለቀ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሳቸው የሰሙት ከሁሉ በኋላ ነው። ሲገቡ ጨዋታ ይቆም ጀመር። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ስልካቸው ዝም አለ። ለአውስቫይሱ እጁን ይዘው ያዞሩት ልጅ ሚግሮ ሱቅ ውስጥ ሲያያቸው ወደ አትክልቱ ዞሮ ቲማቲም መምረጥ ጀመረ። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት፤ ብናገረው ኖሮ ሱቁ ባዶ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወሬው ባቡር ተሳፍሮ ጄኔቭ፣ ሶስና የምትኖርበት ሰርቬት ሰፈር ደረሰ፤ አፍ ዳገት አይፈራም። ሶስና እዚህ ተወልዳ፣ እናቷን በልጅነቷ አጥታ፣ በአባቷ እጅ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ ሳይሆን በቢዝ ወራት፣ ማለትም ያ የጄኔቭ ነፋስ ሐይቁን እያነሣ ወንበሩና ዛፉ ላይ በረዶ በሚጋግርበት ጊዜ፣ ሊጠይቋት ሄዱ። እኔም እህቴ ዘንድ ስለምሄድ አብረን ነበርን። ሐይቁ ዳር ዘንጋቸውን አቁመው ገና መነጋገር እንደጀመሩ ሶስና መጣች።

«ፓፓ፣ ሰው ያያል። ሴ ላ ኦንት!» አለች፤ ኀፍረት ነው ማለቷ ነው። «ለማን ነው የምትልከው? ሁሉ ሰው ያወራል። ጓደኛዬን ማርታን እናቷ እነሶስና ቤት አትሂጂ ብላታለች። ዲ-ሞዋ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

እሳቸው ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ሰጧት። ሶስና ወደ ኋላ አፈገፈገች። እጇን ኪሷ ከተተች። ማዳመጫው በእጃቸው ላይ እንደተዘረጋ፣ ነፋሱ ገመዱን እያወዛወዘው ቆሙ። ወደ ዙሪክ ስንመለስ በባቡሩ መስኮት ሲያዩ ቆይተው፣ ሎዛንን ስናልፍ ዞር ብለው «ብርቄ፣ ልጄ ፈራችኝ» አሉኝ። ስለ ማኅበሩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ስድብ ቢያወጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የላኩት። የተወቀሰ ሰው ራሱ ሽማግሌ ሲልክ የመጀመሪያዬ ነው። በሽማግሌዎቹ ተጠርተው አቶ ደምሰውና ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ቤታቸው መጥተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ተቀመጡ። አቶ ንጋቱ መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «የሰማችሁትን ሰምቻለሁ። አልቆጣም። ቅዳሜ ተራራው ላይ ነኝ፤ ኑና ስሙ። የምናገረውን ፊደል በፊደል አስረዳችኋለሁ። ከዚያ ለልጄ የሰማችሁትን ንገሯት» አሏቸው። አቶ ደምሰው ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው «በእርግጥ እንመጣለን፣ ጋሼ» አሉ።

ቅዳሜ ወጣን። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያዳምጥ ተጨማሪ ማዳመጫ ገዝተዋል። በረዶ ላይ እንዳይቀመጡ የጥድ ቅርንጫፍ ሰብስበው አነጠፉላቸው። ዳቦ ይዘው ነበር፤ ደረቀ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ሆነ። ፊንላንዳዊው ጠራቸው፤ «እንግዳ እየጠበቅሁ ነው» ብለው መለሱለት። እኔ ለአቶ ደምሰው ደወልኩ፤ አያነሡም። ደግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘጋ። እግሬ ደንዝዞ፣ ለመሄድ ብወተውት «ትንሽ እንቆይ፤ ባቡሩ ዘግይቶባቸው ይሆናል» ይላሉ። የስዊስ ባቡር! ፀሐዩ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አንሥተው ወደ ዛፉ ሥር መለሱና ወረድን። በሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ውስጥ የተባለው ደግሞ ይህ ነው፦ «ሊመለምለን ነበር ተራራ የጠራን። ብልህ ሆነን ቀረን።» ይህን ሲሉ አቶ ደምሰው ይስቁ ነበር። ያ ሳቅ ትዝ ባለኝ ቁጥር አፌ ይመራል።

እንግዲህ ወደ ቀብሩ ዕለት ልመለስ። ንግግሩ አልቆ ሰው ሲበላ፣ አቶ ደምሰው ወደ እኔና ወደ ሶስና መጡ። ለአርባው መታሰቢያ እንደምጽፍ ሰምተዋል።

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ የሬዲዮውን ነገር ባያነሡት ጥሩ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለክብራቸው ብዬ ነው። ጸሎት ብንለው ማንን ይጎዳል?»

«ሲኖሩ ሰላይ፣ ሲሞቱ ባሕታዊ!» አልኳቸው። እኔ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። «ሁለቱንም የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። መካከል ላይ የነበረውን ሰው የት አደረሱት?»

ሶስና ክንዴን ያዘች። «ታንት ብርቄ፣ አክስቴ፣ እና ምን ነበር የሚያደርገው? ቭሬማን፣ እውነቱን?» አለችኝ። ዐይኗ አብጦ ነበር። እኔ ልነግራት እችል ነበር፤ ነገር ግን ይህች ልጅ ከሰው አፍ የሰማችው ይበቃታል። «ቅዳሜ እንወጣለን፤ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ» አልኳት። ወደ አቶ ደምሰውም ዞሬ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ «እርስዎም ይምጡ። አሁን የሚመለምልዎት የለም፤ ሞቷል» አልኳቸው። ሰው ፊት ነበርና እምቢ ማለት አልቻሉም።

ሩዲ የሚባሉ የአቶ ንጋቱ የሬዲዮ ጓደኛ፣ ስዊሳዊ ጡረተኛ፣ የሟቹን መሣሪያ ይዘው አብረውን ወጡ። አቶ ደምሰው በከተማ ጫማ መጥተው ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ፤ አልደገፍኳቸውም። ሩዲ ባትሪውን ከሸሚዛቸው ሥር አወጡ፣ ሽቦውን ዘረጉ፣ ማዳመጫዎቹን ለሶስናና ለአቶ ደምሰው ሰጡ። ከዚያ በራሳቸው የሬዲዮ መለያ ስም ጠርተው፣ ንጋቱ ማረፋቸውን ላኩ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀጭን ጢጥታ መጣ፤ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ከሶስና ማዳመጫ ሾልኮ ይሰማኝ ነበር። ሩዲ እየሰሙ በጀርመንኛ ተናገሩት፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። ፊንላንዳዊው ነው። «አዝናለሁ። ሰሞኑን ብርድ ነው ብሎኝ ነበር። እዚህም ብርድ ነው። ጥሩ ሰው ነበር።» ቀጥሎ ስኮትላንዳዊቷ፦ «ባሌ የሞተ ዕለት ያናገረኝ እሱ ነው። ምንም ትልቅ ነገር አላለኝም። አየሩ እንዴት ነው አለኝ።»

አቶ ደምሰው ማዳመጫቸውን አወለቁ። «ይኸው ብቻ ነው?» አሉ።

ፊታቸውን አየሁት። ኀፍረት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ቅሬታ ነው። ያን ያህል ጊዜ ያስፈራሩበት ነገር የአየር ጠባይ ሆኖ መገኘቱ ቅር አሰኛቸው። ሰውየው እውነተኛ ጆሮ ጠቢ ቢሆኑላቸው ይመርጡ ነበር፤ ቢያንስ ወሬያቸው ልክ በሆነ ነበር። ስለ ጸሎቱ ውሸት፣ ስለ ቅዳሜው ቀጠሮ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ «እግሬ በረደኝ» ብለው ወረዱ። እኔም ምራቄን ዋጥኩ፤ ተራራው የሁሉም ነውና አልተፋሁበትም።

ሶስና ግን አልተንቀሳቀሰችም። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሲመጣ፣ ሌላም የማናውቀው ሰው ሲመጣ ሰማች። ከዚያ እሷም «ይሄ ብቻ ነው፣ ታንት ብርቄ?» አለችኝ። ቃሉ ያው የአቶ ደምሰው ነው፤ እሷ ግን እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «ይኸው ብቻ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

አቶ ንጋቱ፣ ከእንግዲህ የምናገረው ለእርስዎ ነው። የማኅበሩን ሰዎች ይቅር በያቸው ብለው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ጌታም እንደዚያው ይለኛል፤ ሁለታችሁም ታገሡኝ። እኔ እድፍ ሳይለቅ ተኩሼ የማጥፍ ሴት አይደለሁም። ተራራዎንም አልወደድኩትም፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሎት አድርገው ያቀረቡልዎትን ነገር ግን በእኔ ጽሑፍ ውስጥ አያገኙትም። የሬዲዮ ሰው ሆነው ኖረዋል፤ የሬዲዮ ሰው ሆነው ይታወሳሉ። ሶስና ትናንት ማታ ከሰርቬት ደውላ፣ መሣሪያዋን ልውሰዳት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ያንቺው ናት አልኳት። ከዚያ ስለ እርስዎ ብዙ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። አቶ ንጋቱ፣ ልጅዎ አትፈራዎትም። በሰላም ይረፉ።